የእናት ስም በመዝገብ፣ ሞታቸው በፍሎሪዳ፦ አንድ የጋዝ ውርስ እንዴት ከወራሹ እጅ ወጣ

ፖስታው ተመልሶ መጣ። ላዩ ላይ ቤቱ ባዶ መሆኑንና ደብዳቤውን ወደ ሌላ አድራሻ ማስተላለፍ አለመቻሉን የሚገልጽ የፖስታ ቤት ምልክት አለበት። የተላከው ወደ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ነበር። የተላከላቸው ሴት ግን ካረፉ 15 ዓመት ሆኗቸዋል። ያረፉት ደግሞ ክሊቭላንድ ሳይሆን ፍሎሪዳ ነው። ዘመኑ 2012 ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ፖስታ የተነሳ አንድ ልጅ ከእናቱ የወረሰውን የነዳጅና የጋዝ መብት አጣ። ክርክሩ ኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2020 መጨረሻ ተቋጨ። ጉዳዩን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ባነበብኩት ቁጥር የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው። ይህን መብት ለማዳን የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ያ ወረቀት እናቱ ካረፉ በኋላ ባሉት ዓመታት በማንኛውም ቀን ሊገባ ይችል ነበር። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ለታሪኩ እናትና ልጅ፣ ባለ መሬት ማለት ይበቃል።

ቦታው ደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ ውስጥ ያለው ጉርንሲ ካውንቲ ነው። ኮለምበስ የምትኖሩ ወገኖች በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ፒትስበርግ ወይም ወደ ዲሲ ስትነዱ ታልፉበታላችሁ። 80 ማይል ያህል ስትሄዱ ካምብሪጅ የምትባል ከተማ አለች፤ የካውንቲው መቀመጫ እሷ ናት። ከ2011 ገደማ ጀምሮ ዩቲካ ሼል የሚባለውን ጥልቅ የድንጋይ ንጣፍ ቆፍረው ጋዝ ለማውጣት ኩባንያዎች ወደዚያ አካባቢ ጎረፉ። ዞር ብሎ ያላየው የነበረውን አሮጌ ሰነድ ሁሉም ሰው ማገላበጥ የጀመረው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ለኛ ሰው እንግዳ የሆነውን ነገር ላስረዳ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትም ሆነ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ ጋዝ ስለተገኘ እዚያ ግመል የሚያሰማራው ሰው የጋዝ ባለቤት አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ግን በግል መሬት ሥር ያለ ዘይትና ጋዝ ከመሠረቱ የባለ መሬቱ ነው። የራሱ ስለሆነም ለሁለት ሊከፍለው ይችላል። እርሻውን ሸጦ ከርሰ ምድሩን ለራሱ ማስቀረት መብቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ባለቤት አለ ማለት ነው፤ አንዱ የሚያርሰውን ይዟል፣ ሌላው የማይታየውን። የማይታየውም እንደ ቤት፣ እንደ እርሻ ለልጅ ልጅ ይወረሳል።

ክፉው ነገር የማይታይ መሆኑ ነው። ቤት ብትወርሱ ቁልፍ አለው፣ ግብር ይመጣል፣ ጣሪያው ያፈሳል። ከርሰ ምድር ግን ማንም ካልቆፈረበት ዝም ይላል። ብዙ ሰው መውረሱን ሳያውቅ ይሞታል።

የዚህ መሬት ስፋት 108 ኤከር ነው። በኛ አለካክ ከአንድ ጋሻ ትንሽ ከፍ ይላል። በ1961 ባለቤቱ መሬቱን ሲያስተላልፉ የከርሰ ምድሩን መብት ለራሳቸው አስቀሩ። በ1965 ያ መብት በውርስ ወደ አንዲት ሴት መዛወሩን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ሰነድ በካውንቲው መዝገብ ገባ። የወራሿ አድራሻ ክሊቭላንድ ተብሎ ተጻፈ። እኚህ ሴት ናቸው የታሪካችን እናት።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። እናት ኦሃዮን ለቀው ፍሎሪዳ ገቡ። በ1997 እዚያው አረፉ። ብቸኛ ወራሻቸው አንድ ልጅ ነው። የሞታቸው ወሬ ግን ጉርንሲ ካውንቲ አልደረሰም። የመዝገቡን ገጽ ለገለጠ ሰው እናት አሁንም ክሊቭላንድ ቁጭ ብለዋል።

በዚያ መሃል የላይኛው መሬት ወደ ሌላ ቤተሰብ አደራ ድርጅት ሄደ። ይህ ዓይነቱ ድርጅት የቤተሰብን ንብረት በአደራ የሚይዝ ነው። በ2012 እነዚህ ባለ መሬቶች ሰነድ መርማሪ ቀጠሩ። መርማሪው የእናትን ስም አገኘ፣ የክሊቭላንዱንም አድራሻ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ግን ምንም የለም።

ለምን ፈለጉ? መልሱ ሕጉ ውስጥ ነው። ኦሃዮ ከ1989 ጀምሮ የተኛ የማዕድን መብትን የሚመለከት ሕግ አላት፤ በ2006 ተሻሽሏል፣ ቁጥሩ 5301.56 ነው። እኛ ይርጋ እንደምንለው ያለ ነገር ነው። የከርሰ ምድር ባለመብት 20 ዓመት ሙሉ ምንም የሕይወት ምልክት ካላሳየ፣ ባለ መሬቱ መብቱ ተትቷል ብሎ ወደ ራሱ ሊጠቀልለው ይችላል። የሕይወት ምልክት የሚባሉትን ሕጉ ራሱ ቆጥሮ አስቀምጧቸዋል። ዘይት ወይም ጋዝ በትክክል ሲወጣ፣ ለባለመብቱ የቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለከርሰ ምድሩ የተለየ የግብር ቁጥር ሲኖር፣ ባለመብቱ መብቴን ይዣለሁ የሚል ማስታወቂያ ሲያስመዘግብ፣ ወይም ባለቤትነትን የሚነካ ማንኛውም ግብይት በካውንቲው መዝገብ ሲገባ።

ይቺ የመጨረሻዋ ናት አሮጌ ሊዝ ፍለጋን ወርቅ የምታደርገው።

ሊዝ ስንል እዚህ ኩባንያ ከከርሰ ምድር ባለቤት ጋር የሚዋዋለው የኪራይ ውል ነው። ኩባንያው ሲፈራረም ጉርሻ ይከፍላል። የተወሰነ ዓመት ይሰጠዋል፣ አምስት ወይም አሥር ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቆፍሮ ካወጣ፣ ምርቱ አዋጭ እስከሆነ ድረስ ውሉ ይቀጥላል። ባለቤቱም ሮያሊቲ የሚባል ከምርቱ የሚሰጥ ድርሻ ያገኛል። በድሮ ውሎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው አንድ ስምንተኛ ነው። ካልቆፈረ ውሉ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ግን የሞተ ሊዝ እንኳ ዋጋ አለው። ለምን ቢባል፣ በተመዘገበበት ቀን ባለቤትዋ በሕይወት ነበረች፣ መብቷን ታውቅ ነበር፣ ትጠቀምበት ነበር ብሎ ይመሰክራል።

ይህ የኔ አተረጓጎም ብቻ አይደለም። የጉርንሲ ጎረቤት በሆነው ሃሪሰን ካውንቲ ተመሳሳይ ክርክር ተነስቶ ነበር። የከርሰ ምድሩ መብት የተለየው በ1958 ነው። በ1984 አንድ ሊዝ ተፈርሞ ተመዘገበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ሁለት ነገር ወሰነ። የተመዘገበ የነዳጅና የጋዝ ሊዝ ባለቤትነትን የሚነካ ግብይት ነው፤ ስለዚህ የ20 ዓመቱን ቆጠራ እንደገና ከዜሮ ያስጀምራል። ሊዙ ዝም ብሎ ጊዜው ሲያልፍ ግን ያ ማለፉ ግብይት አይደለም፤ ቆጠራውን አያድስም። ስለዚህ ቀኑ የሚቆጠረው ከተመዘገበበት እንጂ ካለቀበት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በዓመቱ በ2016 ደግሞ ሌላ ነገር ተነገረ። አንዳንድ ሊዝ ላይ ኩባንያው ሳይቆፍር ውሉን ለማቆየት በየዓመቱ ትንሽ ኪራይ ይከፍላል። ያ ክፍያ መብቱን ያድሳል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አያድስም አለ ፍርድ ቤቱ። ገንዘቡን ተቀብላችሁ ይሆናል፣ ቼኩን መንዝራችሁ ይሆናል፣ ደረሰኙም መሳቢያ ውስጥ ይኖራል። መዝገብ ላይ ካልወጣ ግን አይቆጠርም። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲሉ ለዚህ ሕግ የተናገሩ ይመስላል።

እንግዲህ ወደ እናት እንመለስ። በ2012 ማስታወቂያ ሲወጣ የሚታየው ወደኋላ ያለው 20 ዓመት ነው። ማለትም ከ1992 ወዲህ። በእነዚያ 20 ዓመታት የተመዘገበ አንድ ሊዝ ቢኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የሊዝ ዝውውር ቢኖርም ሊያከራክር ይችል ነበር። አልተገኘም።

ሌላም ነገር ነበር፤ አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። እናት ያረፉት በ1997 ነው። 1997 በ20 ዓመቱ መስኮት ውስጥ ነው! የኦሃዮ ሕግ ባለቤትነትን የሚነካ ግብይት የሚለውን ሲተረጉም በኑዛዜ ወይም በውርስ የሚመጣ ባለቤትነትንም ይጨምራል። ልጁ የእናቱን ወራሽነት አስመስክሮ፣ ያንን ሰነድ በ1998 ጉርንሲ ካውንቲ ልኮ አስመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ መብቱ በ2012 ሕያው ነበር። የእናቱ ሞት ራሱ መብቱን ያድስለት ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ የተደረገ ነገር ሁሉ ግን በፍሎሪዳ ቀረ። አንዱ ግዛት ለሌላው አይነግርም። ካውንቲ ለካውንቲ እንኳ አይነግርም።

ባለ መሬቶቹ ያደረጉትን ላስከትል። ሕጉ መጀመሪያ በአደራ ደብዳቤ፣ ተቀባዩ ፈርሞ በሚወስደው ፖስታ፣ ለባለመብቱ ወይም ለተተኪዎቹ በመጨረሻ በሚታወቀው አድራሻ ላኩ ይላል። ላኩ። ተመለሰ። ደብዳቤው ካልደረሰ በካውንቲው ጋዜጣ አሳትሙ ይላል። አሳተሙ። ከ30 ቀን በኋላ፣ 60 ቀን ሳይሞላ፣ መብቱ ተትቷል የሚል ቃለ መሐላ አስመዝግቡ ይላል። አስመዘገቡ። ባለመብቱ መልስ የሚሰጥበት 60 ቀን አለው። ማንም መልስ አልሰጠም። ሌላ ቦታ የሚኖር ሰው የካምብሪጅን አካባቢ ጋዜጣ ከየት አምጥቶ ያንብበው?

ያ 60 ቀን ቀላል ነገር አይደለም። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ፣ እንደገና ከሃሪሰን ካውንቲ በመጣ፣ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መብቴን ይዣለሁ ብሎ ማስመዝገብ ብቻውን በቂ ነው ብሏል። ካለፉት 20 ዓመታት ማስረጃ ባይኖር እንኳ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወሬው የደረሳቸው ወራሾች በዚህ መንገድ መብታቸውን አትርፈዋል። የኛ ልጅ ግን ወሬው አልደረሰውም። ለፈለጉት ሰዎች ቤተሰቡ የውሃ ሽታ ሆኗል።

ልጁ በ2017 ከሰሰ። ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ሕጉ ባለመብት የሚለው መዝገብ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ሳይሆን ከእርሱ መብት ያገኘውንም ነው፤ ስለዚህ እናቴ ከሞቱ ባለመብቱ እኔ ነኝ፣ ማስታወቂያውም ለኔ መድረስ ነበረበት አለ። ደግሞም ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉኝ ያገኙኝ ነበር ብሎ ተከራከረ።

በሁለቱም የበታች ፍርድ ቤቶች ተሸነፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። አዎ፣ ወራሹ በሕጉ ባለመብት ነው አለ። ግን ባለ መሬት የዓለምን ወራሽ ሁሉ አድኖ የማግኘት ግዴታ የለበትም። ሕግ አውጪው በጋዜጣ ማሳተምን የፈቀደው እኮ የማይገኙ ሰዎች እንደሚኖሩ ስለሚያውቅ ነው። ሁሉም ሰው መገኘት አለበት ከተባለ የጋዜጣው አንቀጽ ለምን ተጻፈ? የሚጠበቀው ተገቢ ትጋት ነው። ተገቢ የሚባለው ደግሞ እንደየጉዳዩ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲውን የንብረትና የፍርድ ቤት መዝገብ መፈተሽ ይበቃል። ኢንተርኔት በእያንዳንዱ ጉዳይ ግዴታ ነው አልተባለም። እዚህ መሬቱ ያለበት ካውንቲም፣ እናት ኖሩበት የተባለውም ካውንቲ ተፈትሾ የውርስ መዝገብ አልተገኘም።

እኔ ውሳኔው ከሕጉ ቃል አንጻር ትክክል ይመስለኛል። ፍትሕ ነው ወይ ቢሉኝ ግን ልቤ አይሞላም። ስልክ አንስቶ፣ ስም ጽፎ ሰው ማግኘት በሚቻልበት ዘመን፣ የ1965 አድራሻ ላይ ደብዳቤ ልኮ ተመለሰ ማለት ለንብረት መነጠቅ ቀጭን ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ባለ መሬቱንም አስቡት። በውርስ በውርስ ተበታትኖ ባለቤቱ የጠፋ መብት ከእርሻው ሥር ተቀብሮ ይኖራል። ማንን ያናግር?

ፍርድ ቤቱ ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ መስመሩን ትንሽ ወደ ወራሾቹ ሳብ አደረገው። በ2022 ከሞንሮ ካውንቲ የመጣ ጉዳይ ነው። እዚያም ባለ መሬቶቹ የካውንቲውን መዝገብ ፈትሸው፣ በጋዜጣ አሳትመው ነበር። ነገር ግን አሮጌው ሰነድ ራሱ ባለመብቷ በፔንስልቬንያ፣ ዋሽንግተን ካውንቲ እንደምትኖር ጽፎ ነበር። ባለ መሬቶቹ ያንን አይተው እዚያ አልፈለጉም። ትጋታችሁ ጎድሏል ተባሉ፤ ወራሾቹ ረቱ። ልዩነቱ አንድ መስመር ናት። ሰነዱ ወዴት እንደሚጠቁም አንብቦ መከተልና አለመከተል።

አሜሪካዊ አግብታችሁ፣ ወይም የባለቤታችሁ አያት ኦሃዮ ውስጥ እርሻ ነበራቸው ሲባል ሰምታችሁ እንደሆነ፣ ፍለጋው የሚጀመረው ከሰነዶች መዝጋቢው ቢሮ ነው። ለኛ ውልና ማስረጃ እንደማለት ነው። መዝገቡ በስም ነው የሚፈለገው፦ የሰጪዎች ዝርዝር አለ፣ የተቀባዮች ዝርዝር አለ። ሊዝ ሲፈለግ አያት ሰጪ ናቸው፤ ኩባንያው ተቀባይ። ከስማቸው አጠገብ የጥራዝ ቁጥርና የገጽ ቁጥር ይገኛል። ከዚያ ጥራዙን ገልጦ ማንበብ ነው። ሊዙ ከተገኘ ኩባንያውን በተራው ሰጪ አድርጎ እንደገና መፈለግ ያስፈልጋል፤ ኩባንያዎች ሊዝ እየተቀባበሉ ስለሚሸጡ የመጀመሪያው ስም ዛሬ ላይኖር ይችላል። ኩባንያው ሊዙን መተዉን የሚገልጽ መልቀቂያ ተመዝግቦ እንደሆነም ማየት ነው። ከዚያም የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ጋ የጉድጓድ መረጃ አለ፤ በዚያ መሬት ላይ ተቆፍሮ እንደሆነ፣ መቼ እንዳመረተ ያሳያል።

ስም ላይ ጊዜ ውሰዱ። አሜሪካዊት ሴት ስትዳር ብዙ ጊዜ ስሟ ይለወጣል። በአባቷ ስም ወርሳ በባሏ ስም አከራይታ ሊሆን ይችላል። መካከለኛው ስም በአንድ ፊደል ብቻ ይጻፋል። የኛ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም፤ የአያቱ ስም ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ሌላ ዓይነት የተጻፈበት ስንት አለ።

የምታገኙትም ሁሉ የኦሃዮ ሕግ አይደለም። ኢንዲያና የራሷ የ20 ዓመት ሕግ አላት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሎታል። ሉዊዚያና ውስጥ የተለየ የማዕድን መብት 10 ዓመት ካልተጠቀሙበት ይጠፋል። ቴክሳስ ደግሞ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም፤ ዝም ስላላችሁ ብቻ መብታችሁ አይወሰድም። ስለዚህ መጀመሪያ ግዛቱን ለዩ።

ኦሃዮ ከሆነ ግን ሊዙ እስኪገኝ አትጠብቁ። መብቴን ይዣለሁ የሚለው ማስታወቂያ ማንም ሳይጠይቅ አስቀድሞ ሊመዘገብ ይችላል። 20 ዓመት ያቆያል፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ይታደሳል። የወራሽነቱንም ሰነድ አብራችሁ አስገቡ፤ የዛሬ አድራሻችሁን ጽፋችሁ። የጉርንሲው ልጅ ስሙ በዚያ መዝገብ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልሰፈረም ነበር። ፖስታው ሲላክ ሊላክለት የሚችል ሌላ አድራሻ አልነበረም።